«ተያዥ ልሁነው ወይ?»

ባለፈው እትም ከማረሚያ ቤት ስለሚወጡ ሰዎች ትንሽ ነገር ጫር ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። ለማታውቁኝ፣ እኔ ማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሁን ከሰፈሬ እድርተኞች ጋር ሆኜ ለሚፈቱ ሰዎች እሮጣለሁ። ሩጫ ስል አትደናገጡ፤ አብዛኛው ወረፋ መያዝ ነው። ስማችሁን ትቼ፣ ጥያቄያችሁን አሳጥሬ፣ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? እኛ አዳማ ያለን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነን። ለገና ማረሚያ ቤት ሄደን ታራሚዎችን ልንጠይቅ አስበናል። ልብስ ሰብስበናል፣ ድፎ ዳቦ ይጋገራል፣ መዝሙርም እያጠናን ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚፈቱትን መርዳት እንፈልጋለን። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ እግዜር ይስጣችሁ ልጆቼ። መዝሙሩንም ዘምሩ፣ ድፎውንም ውሰዱ። ግን አስቀድማችሁ ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ጋር ተነጋገሩ። ደብዳቤ ይጠይቋችኋል፣ የስም ዝርዝርም ይፈልጋሉ። የሚገባው ሁሉ ይፈተሻል። ድፎው በር ላይ ቢቆረስ አትቀየሙ።

ከአሮጌ ልብስ ይልቅ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ አዲስ የውስጥ ሱሪ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሻላል። ለሴቶቹ ሞዴስ። ይሄን ስል ወንዶቹ ሁልጊዜ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ይልመዱት። ከእናቶቻቸው ጋር እዚያው የሚኖሩ ሕፃናት ካሉ ዳይፐርም አትርሱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በገና ማረሚያ ቤት ጠያቂ ይበዛዋል። ማኅበሩም፣ አርቲስቱም፣ ካሜራውም ይመጣል። የካቲት ላይ ግን ዝር የሚል የለም። ከሩቅ አገር ተይዞ የመጣ፣ ቤተሰቡ የመሳፈሪያ ያጣ፣ ወይም ቤተሰቡ ተቆጥቶ የተወው፣ ስንቅ የሚያመጣለት ነፍስ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ውስጥ «ጠያቂ የለውም» ይባላል። እዚያ ግቢ ከዚህ የከፋ ድህነት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ፣ በጓደኛው፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኝ ይላል። ጓደኛ የሚለው ላይ እናንተ ትገባላችሁ። እዚያ ያሉትን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች «ጠያቂ የሌለው ማነው? መፈቻው የደረሰስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት አራት ሰው ይበቃችኋል። በየወሩ ሂዱ። መውጫው ሲደርስ ስማችሁን የሚያውቅ ሰው በር ላይ ትቀበላላችሁ።

የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ ያወጣው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራ ደንብ አለ። 27 ዓመት የታሰረ ሰው ስም መሆኑ ነው። 108ኛው ደንብ ላይ የሚፈታ ሰው ምን ይዞ መውጣት እንዳለበት ተጽፏል። ሰነድና መታወቂያ፣ ማረፊያ ቤትና ሥራ፣ ለአየሩ የሚሆን ልብስ፣ ካሰበው ቦታ የሚያደርሰው ገንዘብ። ሳነበው ሁሌ ይገርመኛል፤ የጻፈው ሰው በር ላይ ቆሞ ያየ ይመስላል። እኔ በር ላይ ያየሁት ፌስታል ነው። ሰውየው፣ ፌስታሉና የተፈታበት ወረቀት።

ያ ወረቀት እንዳይጠፋ። እንደወጣ ኮፒ አድርጉለት፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት። ቀጥሎ መታወቂያ ነው። ረጅም ጊዜ የታሰረ ሰው ቀበሌ ሲሄድ ከቤተሰብ ቅጽ ላይ ስሙ የለም። ቤተሰቡ ሰፈር ለቆ ከሆነማ ጭራሽ መሸኛ አምጣ ይባላል። የቀበሌ መታወቂያ ከሌለ ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ላይ ይቸገራል፣ ሲም ካርድ የለም፣ የባንክ ደብተር የለም፣ ቤት የሚያከራየው የለም። አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ። «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» ሲሉት ብቻውን ከሆነ ነገ አይመጣም። ለዓመታት ቢሮ ያለ ሰው ሲያዘው የኖረ ነው፤ መጠየቅ ይፈራል። እናንተ ግን «ነገ ስንት ሰዓት? ማንን እንጠይቅ?» ትላላችሁ። ይሄ ነው እንግዲህ በጎ ፈቃድ ማለት፣ አሰልቺ ነው።

ስልክም አስተምሩት። ከግንቦት 2013 በፊት የገባ ሰው ቴሌብርን ውጭ ሆኖ አያውቀውም። ደሞዙን፣ የታክሲውን፣ የሱቁን ሁሉ «በቴሌብር ላክ» ሲሉት ግራ ይጋባል። ሰው ፊት «አላውቅም» ከማለት ሥራውን ትቶ መሄድ ይመርጣል። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ራሱ ያውጣ፤ አትዩበት።

አደራ ደግሞ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ። ቀጣሪው ነገ ያየዋል።

ጥያቄ፦ ኮልፌ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ ስድስት ዓመት ታስሮ ለአዲስ ዓመት በይቅርታ ወጣ። አንድ ድርጅት ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ አግኝቶ ተያዥ አምጣ ተባለ። እኔን ለመነኝ። ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ግን «ቤታችንን ልታስበላ ነው» ብላ አኮረፈች። ተያዥ ልሁነው ወይ?

መልስ፦ ባለቤትህ ግማሽ ልክ ናት። ተያዥነት ፊርማ ነው እንጂ ምርቃት አይደለም። ልጁ ምንም ሳያጠፋ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ዕቃ ቢጎድል መጀመሪያ ዓይን የሚጣልበት እሱ ነው፤ ቀጥሎ የምትጠራው አንተ ነህ። የታሰረበት ጉዳይ ከንብረት ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ግምጃ ቤት ለመጀመሪያ ሥራ የሚሆን ቦታ አይደለም። ለሱም አይበጀውም።

ልፈርም ካልክ ወረቀቱን አንብበው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዋስትናው ውል ላይ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል፤ ቁጥር 1922 ላይ ነው። ስለዚህ «ለሚያጠፋው ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ድፍን ቃል ላይ አትፈርም። መጠኑ ይጻፍ። ያን መጠን ነገ ብትከፍል ቤትህ የማይናጋ ከሆነ ከሚስትህ ጋር ተማክረህ ፈርም። የሚናጋ ከሆነ እምቢ በል፤ ልጁንም ቁጭ አድርገህ ምክንያቱን ንገረው። ስልክ አጥፍተህ አትሽሽ። በስልክ መጥፋት ብዙ የተጎዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ግን እስቲ ልጠይቅህ፤ አንተ ራስህ የእንጨት ሥራ ቤት እያለህ ልጁን ለምን ሰው ደጅ ትልከዋለህ? ማረሚያ ቤቶቻችን ውስጥ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ሽመና ይሠራል። ይሄ ልጅ እዚያ ምን ሲሠራ እንደነበር ጠይቀኸዋል? ጠያቂዎች ስለጥፋቱ እንጂ ስለሙያው አይጠይቁም።

ከወሰድከው ከሌላው ሠራተኛ እኩል ክፈለው። «ይለማመድ» እየተባለ ለወራት በነፃ የሚሠራ የተፈታ ሰው አይቻለሁ፤ ይሄ እርዳታ ሳይሆን ብልጠት ነው። ለሠራተኞችህ ታሪኩን አንተ አትንገር። የሱ ነገር ነው፣ ሲፈልግ ይናገር። ገንዘብ መቀበሉን ለጊዜው ለሌላ ሰው ስጠው፤ እሱንም ከሐሜት ታድነዋለህ።

የሚገርሙህ ነገሮች ይኖራሉ። እኛ የላክነው አንድ ሰው ሥራ በጀመረ ሰሞን ሽንት ቤት ለመሄድ አሠሪው ፊት መጥቶ ይቆም ነበር። ዝም ብሎ ይቆማል፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። ሰውየው መጀመሪያ ደሞዝ ሊጠይቀው መስሎት ፊቱን ያጠቁራል። በኋላ ሲገባው «ሂድ እንጂ ወንድሜ፣ እዚህ ለሽንት ቤት ፈቃድ የለም!» ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም ሳቀ። ማታ ማታ ደግሞ ወደ 11 ሰዓት ሲሆን መላጊያውን አስቀምጦ በሩን ያያል። እዚያ ውስጥ እስረኛ የሚቆጠርበት ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን ስታይ ስብከት አያስፈልግም፤ ሥራ ስጠው። ያ ሰው ዛሬ የራሱ ሠራተኛ አለው፣ ደሞዝ ሲያዘገይም ይታማል እንደ ማንም አሠሪ።

በዚያው የሰፈር እቁብ አስገባው። ትንሹን እቁብ። ዳኛው የሚሠጋ ከሆነ እጣው መጨረሻ ላይ ይውጣለት። ማጠራቀሙን ይለምዳል፣ ሰዉም እሱን ይለምደዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ይወቅ። የጣት አሻራ ሰጥቶ የፖሊስ ማስረጃ የሚጠይቁ ቀጣሪዎች አሉ፤ ያ ወረቀት ላይ ታሪኩ ሊያሰናክለው ይችላል። የወንጀል ሕጉ ግን ቅጣቱን ጨርሶ በሥርዓት የኖረ ሰው ጊዜው ሲደርስ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበት መንገድ አለው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ዕድሜውን ይጨርሳል። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማዕከላት አሏቸው፤ ወስደህ አስጠይቅለት። ለዚህ ደግሞ ተያዥ አይፈለግም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ወንድሜ በጠብ ሰው ገድሎ 15 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። አሁን በአመክሮ ሊወጣ ነው። የእድራችን ወጣቶች በጎ ፈቃደኛ ሆነው «ድንኳን ተክለን እንቀበለው፣ ወጪውን እንችላለን» ይላሉ። የሟች ቤተሰቦች ከኛ ብዙም አይርቁም። ደስታዬም ፍርሃቴም እኩል ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ድንኳኑን ተዉት። ዛሬውኑ። እናንተ እልል ስትሉ ድምፁ የት ድረስ እንደሚሄድ አስቢ። እዚያ ያለችው እናት የልጇን ለቅሶ እንደገና ትቀመጣለች። ያን ቀን የሰማ ታናሽ ወንድም ደግሞ ሌላ ነገር ያስባል። በኛ አገር «ደሜን እመልሳለሁ» የሚል ሰው ዛሬም አለ። መፈታት መልካም ነው፤ የሚፈታው ግን ነፍስ ይዞ እንዲኖር ነው።

አመክሮ በሕጉ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ለጨረሰ ሰው ነው የሚሰጠው፤ ዕድሜ ልክ ከሆነ 20 ዓመት። ለወንድምሽ 10 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። ጊዜ መሙላት ብቻ ግን አይበቃም። ጠባዩ ይታያል፣ ለተጎዳው ወገን የአቅሙን መካሱም ይታያል። እዚህ ላይ ነው የእድራችሁ ሰዎች ሥራ ያላቸው። ወጣቶቹ ሳይሆኑ አዛውንቶቹ።

ሽማግሌ ላኩ፤ የእናንተን ዘመድ ግን አይደለም። የሟችን ቀብር የቆመ፣ እዚያ ቤት ገብቶ የማይታፈርበት ሰው ፈልጉ። የንስሐ አባታቸውን ወይም የሰፈሩን ሼኽ ጨምሩበት። ወንድምሽ ገና ሳይወጣ ይጀመር። የመጀመሪያው ቀን «እርቅ» የምትል ቃል ከማንም አፍ እንዳትወጣ። እንደምን ሰነበታችሁ ተብሎ፣ የሟች ስም በክብር ተጠርቶ፣ ተነሥቶ መሄድ ነው። ሁለተኛ ጊዜም እንደዚያው። በሩ ካልተዘጋ ሦስተኛው ላይ ይነገራል። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ደም እስኪደርቅ ድረስ እየተመላለሱ የሚለምኑት ወደው አይደለም፤ የተጎዳ ሰው ጊዜ ይፈልጋል። በዓልና የሙት ዓመት ሰሞን አትሂዱ።

እምቢ ካሉ እምቢታቸውን አክብሩ። ማንም «ይቅር በሉ፣ ክርስቲያን አይደላችሁም ወይ» ብሎ እንዳያስገድዳቸው። ያኔ ወንድምሽ ሌላ ከተማ፣ ዘመድ ቤት ይረፍ። ወጣቶቹ የድንኳኑን ወጪ ለቤት ኪራይና ለመሥሪያ ዕቃ ያውሉለት። አመክሮ ላይ ያለ ሰው የሚጠበቅበት ግዴታ ስለሚኖር የት እንደሚኖር አስቀድማችሁ ለማረሚያ ቤቱ አሳውቁ።

ደግሞ ይሄን ለእድሩ ንገሪልኝ። ሟቹ ልጆች ትቶ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት የሚከፍልላቸው ማነው? አሥር ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቋቸዋል? ገዳይን ተቀብሎ የሟችን ቤት የዘለለ በጎ ፈቃደኛ ወገን ይዟል። ቀድማችሁ ወደዚያ ብትሄዱ፣ ስለ ወንድምሽ ሳታነሡ፣ ለልጆቹ ብላችሁ ብቻ፣ እኔ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የአክስቴ ልጅ ታስሮ ሳለ ቤተሰቡ ለሰፈር «ዱባይ ሄዷል» ብሎ ነበር። አሁን ሊወጣ ነው። ምን እንበል?

መልስ፦ ሰፈሩ ያውቃል። ሁሌም ያውቃል። ዱባይ ያለ ልጅ እናቱ በየሳምንቱ ሳህን ይዛ ወዴት ትሄዳለች? አዲስ ውሸት ግን አትጨምሩ፤ ሻንጣ ገዝቶ ከኤርፖርት እንደመጣ ያስመሰለ ቤተሰብ ሰምቻለሁ፣ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን አመጣህልን?» ማለት ጀመረ። ማን ምን ይወቅ የሚለውን ልጁ ይወስን፤ እናንተ እሱ ያለውን ተከተሉ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። የጓደኛዬ ልጅ ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ተፈርዶበት ሌላ ስቴት ታስሮ ቆይቷል። በዚህ ዓመት ይወጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ልንረዳው እንፈልጋለን። እዚህም ያንተ ምክር ይሠራል?

መልስ፦ «ያንተ» ብለህ ወንድ አደረግኸኝ፤ ይሁን ይቅር ብያለሁ። ሎርተን የነበረው የዲሲ እስር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ከተዘጋ ወዲህ የዲሲ ፍርደኛ በየስቴቱ ባሉ የፌዴራል እስር ቤቶች ይበተናል። እናት ልጇን ለማየት ብዙ ሰዓት መንዳት አለባት። ስለዚህ የመጀመሪያው አገልግሎት መኪናና ነዳጅ ነው። ተራ ግቡ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ፤ ልጁ ዜጋ ነው ወይስ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለው? ዜጋ ካልሆነ ከእስር ሲወጣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ኢሚግሬሽን ሊተላለፍ ይችላል። ከመፈታቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግረው። የምታዋጡት ገንዘብ ካለ ለዚህ ይሁን፤ ግብዣው ይቆያል። ዜጋ ከሆነ መጀመሪያ ሃፍዌይ ሃውስ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ከመፈታቱ በፊት በቁጥጥር ሥር የሚቆይበት ማረፊያ፣ ሊገባ ይችላል። ማን ሊጠይቀው እንደሚችልና ስንት ሰዓት መመለስ እንዳለበት ተቆጣጣሪውን ጠይቁ። ቅዳሴ ረዝሞ አርፍዶ ቢመለስ ጣጣው ለሱ ነው። ዲሲ ከተመለሰ የከንቲባዋ ጽሕፈት ቤት ከእስር ለሚመለሱ ነዋሪዎች ብቻ ያቋቋመው ቢሮ አለ፤ መታወቂያውንም ሥራውንም እዚያ ይጠይቅ። የእናንተ ሰዎች ደግሞ ታክሲና ምግብ ቤት ሞልቷቸዋል፤ አንዱ ሥራ ይስጠው እንጂ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ ራሴ ታስሬ የወጣሁ ነኝ። በስርቆት ነበር። ውስጥ ግንበኝነት ተማርኩ። ክረምት ላይ የአቅመ ደካሞችን ቤት በበጎ ፈቃድ ሲያድሱ ልርዳ ብዬ ተመዘገብኩ። አንድ አባት ሰው ሁሉ ፊት «ሌባ ቤታችን ሊገባ ነው?» አሉ። የግንበኝነት ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ተመለስ ልጄ። ግን ነገሩን አስተካክለህ ተመለስ። አስተባባሪውን ለብቻው አግኘውና ውጭ ውጭውን ሥራ ስጠኝ በለው። መሠረት፣ ምርጊት፣ ቆርቆሮ። እሱም ቢሆን እንኳን ግንበኛ አግኝቶ። እዚያ ከሚመጡት ወጣቶች ግማሹ አካፋ ይዞ ፎቶ ለመነሣት የመጣ ነው።

የማንም ቤት ውስጥ ብቻህን አትግባ። ሁሌ ከአንድ ሰው ጋር ሁን። ይሄ ውርደት መስሎ ከታየህ እንዲህ አስበው፤ የአሮጊቷ ጉትቻ ቢጠፋ አጠገብህ የነበረ ሰው ይመሰክርልሃል። የመሥሪያ ዕቃው ጠዋት በዝርዝር ይፈረም፣ ማታም ይፈረም፣ ለአንተ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። ይሄን ሐሳብ አንተ ራስህ አቅርበው።

ደግሞ በነፃ አገልግሎት እንዳትጠፋ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ሌላውን ቀን ለእንጀራህ ሥራ። ያጠፉትን ለመካስ ብለው ሰፈሩን ሁሉ በነፃ ሲገነቡ ከርመው የቤት ኪራይ ያጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያኔ ደግሞ ተመልሶ መሳሳት ይመጣል።

ጊዜ ካገኘህ ከግንበኝነቱ የሚበልጥ ሥራ አለህ። አሁን የሚወጡት ልጆች እኔን «እሺ እትዬ» ብለው ይሄዳሉ፤ አንተ ብትናገር ግን ይሰሙሃል። የውስጡን ቋንቋ ታውቃለህ፣ ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ ማን እንደነበር ትጠይቀዋለህ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ለምን እንቅልፍ እንደሌለው ይገባሃል። በዚያ ሰሞን የድሮ ጓደኞቹ ቀድመው እንዳይደርሱበት አንተ ድረስ። ሰኞ ጠዋት ቀበሌ አብረኸው ሂድ። በሰፈርህ ያለው እድር ይሄን ሥራ የሚሠራ ከሆነ ተጠግተህ ጠይቅ፤ የማይሠራ ከሆነ ሊቀመንበሩን አናግር።

አባትየውን በተመለከተ፣ ስታገኛቸው ሰላም በላቸውና እለፍ። መልስ አትስጣቸው። የእሳቸው ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ግን አስተባባሪው ስማቸውን ከሚታደሱት ዝርዝር ውስጥ እንዳይዘልላቸው ንገረው። ወጣቶቹ ተቆጥተው ዘለዋቸው ሊሆን ይችላል።